የእማማ የትውልድ ዘመን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ሐይቅ አጠገብ አያታችንን ቀበርን። ሞታቸውን ልናስመዘግብ ስንሄድ የትውልድ ዘመናቸውን ተጠየቅንና እርስ በርስ ተያየን። እማማ ዕድሜያቸውን በቁጥር ተናግረው አያውቁም። የሚያውቁት ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ እናታቸው አዝለዋቸው መሸሻቸውን ነው። እሱ ኅዳር 1928 ዓ.ም. ነው። እናም 1926 ብለን አስጻፍን።

ታናሽ እህታቸው ሙስሊም ስላገቡ በፋሲካ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን የእኛ ሰው፣ አንዱን የእነሱ ሰው ባርኮ ያርዳል፤ ድስቱም ለየብቻ ይጣዳል። ማዕዱ ግን አንድ ቤት ነው። በረካው ላይ የሚመርቁት ጎረቤታችን ሼሁ ነበሩ። እማማ ማርያምን ከአፋቸው የማይለዩ ሴት ናቸው፤ ለሼሁ ዱዓ «አሚን» በማለት ግን ማንም አይቀድማቸውም ነበር። የቀብራቸው ዕለት ድንኳኑን የተከሉት የሼሁ ልጆች ናቸው።

በ1977ቱ ረሃብ በደሴ መንገድ በእግሩ ለሚያልፈው ሰው ንፍሮ ቀቅለው በር ላይ ይቀመጡ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ንፍሮው ሲያልቅ የተቀቀለበትን ውሃ ያጠጡ ነበር አሉ። እሳቸውን ስጠይቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡና «ተይው ልጄ፣ ያላደረስኩለት ይበልጣል» ይሉኛል። ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ጀበናቸው አሁን እኔ ዘንድ ነው። እሑድ እሑድ አፈላበታለሁ፤ ሼሁም፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ለበረካው ይመጣሉ።

የልጅ ልጃቸው
ከሐይቅ፣ ወሎ