ለሚመጣው ሳምንት የማይቆይ ቀን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በእሑድ ዕትማችሁ የሚወጡትን የጉዞና የመዝናኛ ጽሑፎች ሳላነብ አላልፍም። ሩቅ ተራራ፣ ሩቅ ከተማ፣ ሩቅ የባሕር ዳርቻ ሁሉም በየተራው ይነሣል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከቤተሰቤና ከወዳጆቼ ጋር ከደጃፋችን ብዙም ሳንርቅ አንድ ውብ የመጸው ቀን አሳልፈን ስንመለስ፣ ጋዜጣችሁ ለቅርቡም ስፍራ ጥቂት ዓምድ ቢሰጥ ምንኛ መልካም እንደሆነ ስለተሰማኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

ማለዳው ብርዳማ ነበር። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋም ሳታቃጥል የምታሞቅ ሆነች። ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩታ «ዛሬስ ቤት ውስጥ መዋል ግፍ ነው» ስትለን፣ የጀመርነውን ሥራ እንዳለ ትተን፣ ልጆቹን አስከትለን፣ በከዘራ የሚሄዱትን አባቴን ደግፈን፣ ስድስት ወር ያልሞላው ልጇን ያዘለች አንዲት ወዳጃችንንም ጨምረን፣ በእግር አሥር ደቂቃ ወደሚያስኬደው ዛፍ የበዛበት ሜዳ አዘገምን። ለእኛ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ማንም ግን አልቸኮለም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩቅ ጉዞ ባሰብን ቁጥር የሚቀር ሰው አይጠፋም። አባቴ ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ወገባቸውን ስለሚያማቸው «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ይላሉ፤ ሕፃን የያዘችውም እንዲሁ ትቀራለች። አብረን ልንደሰትበት ያሰብነው ቀን ከፊሎቻችን ለቀሩት ፎቶግራፍ ይዘን የምንመለስበት ቀን ሆኖ ያልፋል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ማንም አልቀረም።

አባቴ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በተጋደመ ግንድ ላይ እንደተቀመጡ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ አንድ ቅጠል ይዛ መጣችና «አባባ፣ ይሄኛው ለምን አልጨረሰም?» አለቻቸው። ቅጠሉ ወርቅ መስሏል፤ አረንጓዴው የቀረው በጅማቶቹ ዙሪያ ብቻ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሳይንስ መምህር የነበሩት አባቴ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥተው እያገላበጡ ካዩት በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ጋር ተያይዞ የነበረውን ጫፉን በጣቷ እንድትዳስሰው አደረጓት። የተቦጨቀ አልነበረም፤ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ልሙጥ ነበር።

ከዚያማ ሌሎቹም ልጆች ተሰበሰቡ። ቀኑ እያጠረ ሌሊቱም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ማምረቱን እያቆመ፣ የሚጠቅመውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ እንደሚሰበስብ፣ ቢጫው ቀለም ቅጠሉ ከለመለመበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የነበረና አረንጓዴው ሲለቅለት ብቻ የሚታይ መሆኑን፣ ቀዩ ግን በብዙ ዛፎች ላይ በመጸው ወራት አዲስ እንደሚሠራ፣ ፀሐያማ ቀንና ውርጭ ያልደረሰበት ቀዝቃዛ ሌሊት ሲፈራረቁም ይበልጥ እንደሚደምቅ አስረዷቸው። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታም ዛፉ ራሱ ስስ የሕዋሳት ሽፋን አበጅቶ ይለየዋል፤ ልጄ የዳሰሰችው ልሙጥ ጫፍ ይኸው ነው። አባቴ እንዲያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያስተምሩ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበርና፣ እኔም ከልጆቹ ኋላ ቆሜ አዳመጥኩ።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ቀን «ለሚመጣው ሳምንት እናድርገው» ብለን እናልፈዋለን። መጸው ግን አይጠብቅም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመስከረም 12 ወይም 13 በኋላ ሌሊቱ ቀኑን እየበለጠ ይሄዳል፤ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ በዚያ ሰሞን የቀኑ ብርሃን በየዕለቱ 4 ደቂቃ ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ብርሃን ሄደ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የዛፉ ጌጥ ሁሉ ጠዋት መሬት ላይ ይገኛል።

ከዚሁ ጋር፣ የመናፈሻ ስፍራዎችን የሚያስተዳድሩ አካላት ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ። አባቴ በእግር መሄድ የሚችሉት በየመሐሉ የሚያርፉበት ቦታ ካገኙ ብቻ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ከግንዱ በቀር አንድም መቀመጫ የለም። በእግር መንገዱ ላይ የወደቀው ቅጠል መጠረጉ ተገቢ ነው፤ ሲረጥብ ያንሸራትታልና ለአረጋውያን አደገኛ ነው። በዛፎቹ ሥር ያለው ግን ልጆች እስኪጠግቡት ድረስ ቢተውላቸው ማንንም አይጎዳም።

ዝግጅት ክፍላችሁም አንባቢዎች በእግር ደርሰው ከአረጋዊና ከሕፃን ጋር ውለው ስለሚመለሱባቸው ስፍራዎች እንዲጽፉላችሁ ቢጋብዝ፣ ብዙ ሰው የሚያካፍለው እንደማያጣ አምናለሁ። ደብዳቤዬ የሚታተም ከሆነም ዛፎቹ ሳይራቆቱ፣ ገና ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሲቀር ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ከቋሚ አንባቢዎቻችሁ አንዱ