«ማዬ» ያሉኝ እናት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዚህች የስዊድን ከተማ፣ የሶደርቴልየ ብርድ ብቻ ነው የሚያማርረን።

ባለፈው በስልክ «የምትንከባከቢያቸው ሴትዮ አረብ ናቸው?» ስትይኝ መስመሩ ተቋረጠ። አይደሉም። አሦራዊት ናቸው። አገራቸው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ያለው ቱር ዓብዲን ነው። ቋንቋቸው ሱራይት ይባላል፤ ጌታችን ከተናገረበት ከአራማይክ ወገን ነው።

መጀመሪያ ቀን ውኃ ሳቀብላቸው «ማዬ» አሉኝ። ክው አልኩ! ቄሱ ጠበል ሲረጩ ውኃውን በግዕዝ «ማይ» የሚሉት ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ይኸው ሆነ። እሳቸው ዓይናቸውን ነክተው «ዓይኖ»፣ ደረታቸውን ነክተው «ሌቦ»፣ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው «ባይቶ» ይላሉ። እኔ ዓይን፣ ልብ፣ ቤት እያልኩ እከተላለሁ። የሁለታችንም ስዊድንኛ ስብርብር ያለ ስለሆነ ከሱ ይሄ ይሻለናል።

አንድ ቀን «ሰይፎ» አሉ። እኔም እንደ ጨዋታው ቶሎ ብዬ «ሰይፍ!» አልኩ። አልሳቁም። ለካ ሰይፎ የሚሉት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 በኦቶማን ግዛት የደረሰውን የወገኖቻቸውን እልቂት ነው። ከአባታቸው ወንድሞች አንድም አልተረፈም። አፌን በቆረጠው አልኩ። የስዊድን ፓርላማ የዘር ማጥፋት ነው ብሎ ያወቀው በፈረንጅ 2010 ነው።

ቤታቸው ግን ሐዘን ብቻ እንዳይመስልሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐቢብ ሙሳ ዘፈን ይከፈታል። በሱራይት ዘመናዊ ዘፈን ከጀመሩት አንዱ ነው። ባለፈው ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ጠርተውኝ ነበር። ከበሮና ዙርና የሚሉት የሚነፋ መሣሪያ ሲጀምር ሁሉም በትንሿ ጣት ተያይዞ ይዞራል። እኛ በትከሻ፣ እነሱ በእግር! እኔም ገባሁ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ።

እኔን የሚገርመኝ በስም መጣላታቸው ነው። ገሚሱ «አሦራዊ ነን»፣ ገሚሱ «ሲሪያኒ ነን» ይላል። ለዚህች ከተማ ሁለት የኳስ ቡድን አላቸው፤ በፈረንጅ አሲሪስካ በ1974፣ ሲሪያንስካ በ1977 የተመሠረቱ። የሴትየዋ ሁለት የልጅ ልጆች አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። ጊዮርጊስና ቡና በይው። ታዲያ ሁለቱም አያታቸው በሱራይት ሲጠይቋቸው በስዊድንኛ ነው የሚመልሱት። ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸው ይሰጣል፣ ግን አያትን ያህል አስተማሪ እቤት ተቀምጦ... የኛው ጉድም ያው ነው። «አያቴ ምን አለች?» ብሎ በስዊድንኛ የጠየቀኝን ልጅ ሰምተሽዋል።

ዋናውን ልንገርሽ። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ሶርያዊው ኤፍሬም ነው ብለሽ ያስተማርሽኝን ነገርኳቸው። «ሞር አፍሬም!» ብለው እጄን ያዙኝ። ሞር የቅዱሳን የክብር መጠሪያ ነው፤ የእኛው «ማር» ማለት ነው፣ ማር ይስሐቅ እንደምንለው። ኤፍሬም የተወለደባት ንጽቢን ከእሳቸው ተራራ ሥር ናት። ጾመ ነነዌንም ሦስት ቀን ይጾማሉ፣ እማዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እናትሽ በግዕዝ ስትደግም አሰሚኝ» ብለው ይዘውኛል።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ስትደግሚ አበባ ስልኩን ትያዝልሽና ቅጂው፤ በቴሌግራም ይላክልኝ። ዶሮዎቹን ቀድማችሁ አስወጡ። ደግሞ ቀስ ብለሽ ድገሚው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ሊሰሙሽ ነው።

ልጅሽ