የሴሚናር ነጥብ ለአድማጩም ይሰጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥራት በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ የመውጫ ፈተና ሆኗል፤ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻው ዓመት ወደ ክለሳ ሲያዘነብል ማንም ልብ ሳይለው የሳሳ ኮርስ አለ፤ ሴሚናር። የባዮሎጂ ተማሪ የሌላ ሰው ምርምር አንብቦ፣ ለጓደኞቹ አቅርቦ የሚከራከርበት ዋናው ቦታ እሱ ነበር።

አሠራሩን ያለፈበት ያውቀዋል። ተማሪው ርዕስ ይመርጣል፣ ከአምስት ስድስት ፔፐር አብስትራክት (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) ለቃቅሞ ሃያ ስላይድ ይሞላል፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ያነባል። ጓደኞቹ ተራቸው እስኪደርስ ስልካቸውን ይነካካሉ። ፈታኞቹ ስለ ፊደል መጠንና ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍ ይጠይቃሉ፣ ይጨበጨባል። አንድም ፊገር (የጥናቱን ውጤት የሚያሳይ ፎቶ ወይም ግራፍ) በቅጡ ሳይታይ ሰዓቱ ያልቃል። እኛ የምንለው ሃያው ስላይድ ቀርቶ አንድ ፊገር ይሰጣቸው፣ ነጥቡም ለአድማጩ ይካፈል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚባዛ በሙከራ ያሳዩት የሜሰልሰንና የስታል ሥራ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ፣ 12 ገጽ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ዲኤንኤ ሲባዛ አንዱ ክር አሮጌ፣ አንዱ አዲስ እንደሚሆን ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በቃሉ ይዞታል። መልሱን ያውቃል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ባክቴሪያዎቹ ከባድ ናይትሮጅን ባለበት ምግብ 14 ትውልድ አደጉ፣ ከዚያ ወደ ቀላሉ ተዛወሩ። በየጊዜው የተወሰደው ዲኤንኤ በሲዚየም ክሎራይድ (የጨው ዓይነት) ውሁድ ውስጥ በሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ፣ ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ሆኖ መስመር ሠራ። የመስመሮቹ ፎቶ ያለበትን ገጽ ብቻ ኮፒ አድርጉ፤ ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ ሸፍኑት።

ተማሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ማንም ሳይናገር ያያሉ፣ እያንዳንዱም ምን እንደተለካና ረድፎቹ ምን እንደሆኑ በስክሪብቶ ይጽፋል። ቀጥሎ ሙከራውን ከባክቴሪያው እርባታ እስከ ፎቶው ድረስ ይሥሉታል፤ ለዚህ 20 ደቂቃ ይበቃል። «ሴንትሪፊውጅ ተደረገ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይከብድም፤ ቱቦ ሥሎ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚቀር ማሳየት ግን ያልገባውን ያጋልጣል። ከዚያ ሦስቱን መላምቶች (አሮጌው ሞለኪውል እንዳለ ይቆያል፤ አንዱ ክር አሮጌ፣ አንዱ አዲስ ይሆናል፤ አሮጌው ተቆራርጦ ይበተናል) ሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ የትውልድ 1.0ን ረድፍ፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ ከተዛወሩ በኋላ አንዴ ሲባዙ የተወሰደውን፣ አሳዩና የትኛው እንደወደቀ ጠይቁ። ብዙዎቹ «ሁለቱ ወድቀው ትክክለኛው ቀረ» ይላሉ። አልቀረም። መሀል ላይ አንድ መስመር ብቻ መታየቱ የሚጥለው «አሮጌው ሞለኪውል እንዳለ ይቆያል» የሚለውን ነው። አሮጌው ተቆራርጦ በሁሉም ክሮች ይበተናል የሚለው ገና በሕይወት አለ፤ እሱ የሚወድቀው ወደ ሁለተኛው ትውልድ ሲጠጋ ቀላሉ መስመር ለብቻው ሲወጣ ነው።

ከዚህ ፊገር ተማሪ ሁሉ የሚዘላቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ረድፎች ነው፤ የትውልድ 0 (ገና ሳይዛወሩ የተወሰደው) እና 1.9፣ የ0 እና 4.1 ናሙናዎች ተደባልቀው የተሽከረከሩባቸውን። ለምን አስፈለጉ? «መሀለኛ» ያልነው መስመር በእርግጥ መሀል ላይ መሆኑ የሚታወቀው ከባዱና ቀላሉ እዚያው ቱቦ ውስጥ አብረው ሲኖሩ ነው። «ኮንትሮል» (ውጤቱን የምናመሳክርበት ማነጻጸሪያ) የሚለውን ቃል በትርጓሜ ከማስጠናት እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይሻላል።

የቡድን ሥራው በፈለጉት ቋንቋ ይሁን፤ የሙያ ቃላቱን ብቻ በእንግሊዝኛ ይያዙ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያስብ ተማሪ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣል እንጂ አልገባኝም አይልም። ማቅረቡ በእንግሊዝኛ ቢሆን ያኔ አይከብደውም።

ሲቀርብ አንድ ተማሪ፣ አንድ ፊገር፣ 12 ደቂቃ፤ ውይይቱ ከዚያ አይነስ። አግድሙ መስመር ምንድን ነው፣ ቋሚውስ ከነመለኪያው፣ አንዲት ነጥብ ምን ትወክላለች፤ ውጤቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ተማሪ ከውጤቱ ይጀምራል፣ አድማጭም ግራፉን ሳያይ ያምናል። ኢረር ባሩ (በነጥቡ ላይና ታች የሚሣለው ዘንግ) የምን እንደሆነም ይነገር። የ25 ችግኞች ቁመት ተለክቶ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ችግኞቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን) 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስታንዳርድ ኢረሩ (የአማካዩ ግምት ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን) 2 ነው፤ ያው መረጃ አንዱን ትቶ ሌላውን በመሣል ብቻ አምስት እጥፍ የጠራ ይመስላል።

ውይይቱ የሚሞተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው «ፈረንጅ ያሳተመውን እኔ ምን አውቄ» የሚለው ይሉኝታ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ እያንዳንዱ አድማጭ ከመግባቱ በፊት በካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ እንዲያመጣ ማድረግ ነው፤ ጥያቄው የፊገሩን ቁጥር ካልጠቀሰ አይቆጠርም። መምህሩም የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ አፉን ይያዝ (ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው)። ሁለተኛው ይሉኝታው ከተሰበረ በኋላ ይመጣል፤ ሁሉም «የናሙናው ብዛት (ሳምፕል ሳይዝ) ያንሳል» ማለት ይጀምራል። «ናሙናው ቢጨምር የትኛው መደምደሚያ ይለወጥ ነበር?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅርብ አገር ያለ ነገር አምጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ስለተነሳው ወባና ስለ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ትንኝ በ2023 ኔቸር ሜድስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ካልተገኘባቸው ጋር ያነጻጸረ ነው። ትንኟ በታማሚዎቹ ቤት አካባቢ በብዛት መገኘቷ ብቻውን ወረርሽኙን አመጣች ያሰኛል? ማነጻጸሪያዎቹ እንዴት ተመረጡ? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ይከፈል።

ከፍ ላሉት ደግሞ የኒውዮርኳ የባዮሎጂ መምህርት ሳሊ ሆስኪንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳወቀችው ዘዴ አለ። ከአንድ ላቦራቶሪ በተከታታይ የወጡ አራት ፔፐሮች ይመረጣሉ፤ ተማሪዎቹ አንዱን ከጨረሱ በኋላ ቀጣዩን ሙከራ ራሳቸው ነድፈው ተመራማሪዎቹ ካደረጉት ጋር ያስተያያሉ።

ነጥቡን ከመቶ ብንደለድለው በእጅ ለተጻፈው የቅድመ ንባብ ወረቀት 25፣ ለማቅረብ 40፣ ለጥያቄ ካርዶች 20፣ ለቀጣይ ሙከራ ንድፍ 15 እንሰጥ ነበር። ቻትጂፒቲ አብስትራክቱን አሳምሮ ያሳጥራል። ማብራሪያው በተሸፈነ ፊገር ላይ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ በስክሪብቶ የሚሠራውን ግን ተማሪው ራሱ ይሠራዋል።

የመውጫ ፈተና አዘጋጆችንም እንጠይቃለን። ይህ በምርጫ ጥያቄ አይለካም የሚል ካለ የ1958ቱን ፊገር ያውጣ፤ የትውልዶቹን ቁጥር ያጥፋና «የትኛው ረድፍ ቢጎድል አሮጌው ይበተናል የሚለውን መላምት መጣል አይቻልም?» ብሎ አራት አማራጭ ይስጥ።

ሁለት የባዮሎጂ መምህራን