ጉዳዩ፦ በግራይንደር ስለተበላሸ ጥንታዊ የብረት መጥበሻ እና በእጃችሁ ስለቀሩ ሁለት ዕቃዎች

ሰኔ 2017 ዓ.ም.
ለብረታ ብረት እድሳት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። በወርክሾፓችሁ የቀሩትን ባለክዳን የብረት ድስትና ከእናቴ የተረከብኩትን የቡና መቁያ ምጣድ ማንም እንዳይነካቸው ዛሬውኑ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ዝገታቸው እንዳለ ይቆይ። ዝገት ይለቃል፤ በግራይንደር የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም።

ሦስቱን ዕቃዎች ሳስረክብ ቀብድ ከፍዬ፣ ግራይንደርም ሆነ ቀለም እንዳይነካቸው በደረሰኙ ጀርባ አስጽፌ፣ ተቀባዩ ሠራተኛ ፈርሞበታል። የተመለሰልኝ መጥበሻ ግን ውስጡም ግርጌውም ተፍቆ የሚያብለጨልጭ፣ ጎኑ ደግሞ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም የተነፋበት ነው። ቅር መሰኘቴን ስገልጽ «አዲስ ሆኖልዎታል» ተባልኩ። ቅሬታዬም ይኸው ነው፤ አዲስ እንዲሆን አላዘዝኩም።

ይህ መጥበሻ በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያዋ ኢሪ ከተማ በነበረው የግሪስዎልድ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ፋብሪካው በ1865 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1957 ተዘግቷል፤ ስለዚህ የጠፋውን የሚተካልን የለም። ግርጌው ላይ በድርብ ክብ ውስጥ መስቀል፣ በመስቀሉ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ 704 የሚል የቅርጽ ቁጥር ነበረው። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈው ይህ ምልክት ከ1920 እስከ 1940 ገደማ ባሉት ዓመታት ያገለገለ ነው። ሰብሳቢ የዕቃውን ዕድሜ የሚያነበው፣ ዋጋውንም የሚገምተው ከዚያ ነው። ዛሬ ከስሙ የቀሩት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በጣት ካልተዳሰሱ አይለዩም።

ጉዳቱ የመልክ ብቻ ቢሆን እንኳ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። የዚያ ዘመን መጥበሻ ውስጡ በፋብሪካ በማሽን የተስተካከለ፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ግራይንደሩ አንዱን ቦታ ከሌላው አብልጦ ስለበላው አሁን ዘይት ወደ አንድ ጎን ይጠራቀማል። በግርጌው ዙሪያ የነበረው ቀለበትም እኩል ስላልተፋቀ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ቀለሙ ደግሞ ለምግብ ዕቃ የተዘጋጀ አይደለም፤ እሳት ሲነካው ይሸታል፣ ይላጣል። እኔ በዚህ መጥበሻ ለልጆቼ ምግብ እሠራበት ነበር።

ትክክለኛው ሥራ ከዚህ የቀለለ ነበር። ኮስቲክ ሶዳ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ዕቃው በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ቢዘፈዘፍ ኖሮ፣ የከረረውን ቅባት አላቅቆ ብረቱን አይነካውም። (ጓንት ያስፈልጋል፤ አሉሚኒየም ግን ፈጽሞ አይገባበትም፣ ይበላዋል።) የቀረው ዝገት አቼቶና ውኃ እኩል ተቀላቅለው ለአጭር ጊዜ ሲነከር ይለቃል። አቼቶ ውስጥ ማሳደር ግን ብረቱን ራሱን ያስበላል። ከዚያ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፤ ዘይት በጣም ስስ ተደርጎ ይቀባና ትርፉ ተጠርጎ፣ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይሟሻል። ዘይቱ ጠጥሮ ጥቁር ሽፋን እስኪሆን ድረስ ይኸው ይደጋገማል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሳያሟሹ እንጀራ አይጋግሩበትም፤ ብረትም ያንኑ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከምናለሽ ተራ የቁርጥራጭ ክምር፣ ከቸርችል ጎዳና የአሮጌ ዕቃ ሱቆችና ከአገር ከሚወጡ ቤተሰቦች እየለቀምኩ ያቆየኋቸው ዕቃዎች በኪሎ ተመዝነው ሊቀልጡ ይችሉ የነበሩ ናቸው። የእድሳት ድርጅት ሊያድናቸው ሲገባ እንዲህ ማጥፋቱ በእጅጉ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ለመጥበሻው መበላሸትም ካሳ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ግምቱን አሮጌ ዕቃ በሚያውቅ ሰው ፊት ለመነጋገር ፈቃደኛ ነኝ፤ ሌላ መጥበሻ በመስጠት ጉዳዩን ለመዝጋት ግን አልስማማም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በገዛው አገልግሎት ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት የመካስ መብት ይሰጠዋል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ።

ሠራተኛው እንዲቀጣልኝ አልፈልግም። በደረሰኙ ጀርባ የተጻፈው ማሳሰቢያ እርሱ ዘንድ አልደረሰም ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንዳልደረሰ የማጣራቱ ኃላፊነት የእርስዎ ነው። ሁለቱን ዕቃዎች ራሴ መጥቼ እንድወስድ የምትሰጡኝን ቀን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የዕቃዎቹ ባለቤት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

አባሪ፦ የተፈረመበት ደረሰኝ ቅጂ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶግራፎች