ቴሌቪዥኑን ያጠፋሽ ቀን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይህን እህቴ ታነብልሻለች፤ እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታነብ ተቆጫት።

እዚህ እንግሊዝ አገር ኖቬምበር ሲመጣ ሰዉ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ይሰካል፤ በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ነው። ዘንድሮ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዊልፍሬድ ኦወን የሚባል የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የጻፋቸውን ግጥሞች አዋሰችኝ። ግጥም ብዙም እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አንዱን ግን ባቡር ላይ እያነበብኩ መውረጃዬ አለፈኝ። የመርዝ ጋዝ ሲለቀቅባቸው ሁሉም ጭምብሉን ያጠልቃል፣ አንዱ ይዘገያል። ገጣሚው በጭምብሉ መስታወት ያየዋል፤ ባሕር ውስጥ እንደሚሰምጥ ሰው። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ከሕልሙ አልወጣ አለው። ለአገር መሞት ጣፋጭ ነው የሚለውንም የጥንት አባባል ውሸት ነው ብሎ ይጨርሳል።

እኔ ያደግኩት ፉከራና ቀረርቶው ለሚሄደው፣ ሙሾው ለምትቀረው ሲሆን እያየሁ ነው። ይሄ ግን የሄደው ራሱ ሙሾ ያወረደበት ነው።

ለእናቱ ብቻ ከ500 በላይ ደብዳቤ ጽፏል (እኔ ስንት ጻፍኩልሽ? ተይው)። ኖቬምበር 4 ቀን 1918 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ቦይ ለመሻገር ሲዋጉ ተገደለ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። በሳምንቱ ጦርነቱ አበቃ። የመርዶው ቴሌግራም እናቱ ጋ የደረሰው በዚያው ቀን ነው፤ ለሰላሙ የከተማው ደወል እየተደወለ።

እዚህ ላይ ስደርስ አንቺ መጣሽብኝ። ሐምሌ 2010ን ታስታውሻለሽ? ለእረፍት መጥቼ ነበር። ከኤርትራ ጋር ዕርቅ ወረደ ተብሎ፣ ስልክ ተከፍቶ፣ ሰዉ አስመራ ወደማያውቀው ቁጥር ሁሉ እየደወለ፣ ጎረቤት እልል ሲል፣ አንቺ ብድግ ብለሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋሽና ጓዳ ገባሽ። «ሰላም አትወጂም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩብሽ። አልመለስሽልኝም። ሽንኩርት መክተፍ ጀመርሽ፤ ወጡ እኮ ጠዋት ተሠርቶ አልቋል።

አጎቴ በ1991 ሲዘምት ሰፈሩ ፎክሮ ነው የሸኘው። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አብሬ ዘለልኩ። አንቺ ብቻ በሩ ላይ ቆመሽ ጫማውን ታዪ ነበር። ጫማውን ለምን እንደምታዪ ጠይቄሽ አላውቅም።

ያን ቀን ስለጮኽኩብሽ ይቅር በዪኝ፣ እማ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አውቃለሁ።

ሣጥኑ ውስጥ በነጠላ የጠቀለልሻቸው የአጎቴ ደብዳቤዎች አሁንም አሉ? እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ ልል ነበር፤ ግን ይቅር፣ አትንኳቸው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ከፈቀድሽ ቡና አፍልተሽ ራስሽ ታነቢልኛለሽ፤ መነጽርሽን አሠርቼ አመጣለሁ።