የአዳራሹን ቁልፍ ስጡን፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር፣ በተለይም የወጣቶች ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የማራኪ አካባቢ ነዋሪ ነኝ፤ ሰፈራችን ካለው የወጣቶች ማኅበር ጋር ማታ ማታ እሠራለሁ። ማኅበሩ ቢሮ የለውም፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰውም የለውም። ያሉት በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ታናናሾቻቸውን ከስርቆትና ከሱስ ለመመለስ የሚለፉ። በጀት ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት። የቀበሌ አዳራሾች ማታ ማታ ክፍት እንዲሆኑልን ነው የምለምነው።

ማንም ልጅ ባንድ ቀን ሌባ አይሆንም። መንገዱን ሰፈር ውስጥ ያለን ሰዎች በዓይናችን እናየዋለን። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው፣ ልጁ ግማሽ ቀን ሥራ ፈት ነው፤ እናት ገበያ ናት፣ አባት ወይ የለም ወይ ባጃጅ ላይ ነው የሚያመሸው። ፑል ቤት ይገባል፣ መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ከዚያ ቤቲንግ ይማራል፣ አስር ብር፣ ሃያ ብር፣ ይበደራል፣ ዕዳው ሲጠናበት የእናቱን መቀነት ይፈታል። ጫቱም እዚያው ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ከባጃጅ ላይ ስልክ መንጠቅ ለእሱ ትልቅ ነገር አይመስለውም፣ ምክንያቱም አብረውት የሚውሉት ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት የታገተች ሕፃን ተገድላ ከተማው በሙሉ በሐዘንና በቁጣ አደባባይ መውጣቱን ማንም አልረሳውም። እገታ ያለ ጠቋሚ አይሠራም። ማን ገንዘብ እንዳለው፣ ልጁ በስንት ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደሚመለስ የሚነግር የሰፈር ሰው ያስፈልጋል። ዕዳ ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር የሚቀመጥ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። «አንተ ብቻ አሳየን» ነው የሚባለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ማኅበሩ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ስብከት የለም። ታላቁ ልጅ ፑል ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ከታናሹ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስለ ፋሲል ከነማ ያወራሉ፣ ነገም ይሄዳል። ከዚያ ለታናሹ አንድ ኃላፊነት ይሰጠዋል፦ የሕፃናቱን ቡድን አሠልጥን፣ ኳሷን አንተ ያዝ፣ የዕቁቡን ደብተር አንተ ጻፍ። ሰው ያመነው ልጅ ይለወጣል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው። ስልክ ነጥቆ ከተያዘ ደግሞ የሰፈር ሽማግሌዎችን ይዘን ወደ ባለንብረቱ እንሄዳለን። ልጁ ራሱ ፊት ለፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዕቃው ከጠፋም ሠርቶ ይከፍላል። በአገራችን ሽምግልና ደም እንኳ ያደርቃል፤ ለስልክ አያንስም።

ሕጉም ቢሆን በር ከፍቷል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም። ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዘመድ፣ ለታመነ ሰው ወይም ልጆችን ለሚያስተምርና ለሚጠብቅ ድርጅት በአደራ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ታዲያ የሰፈር ማኅበራት በፖሊስም በፍርድ ቤትም ዘንድ ቢታወቁ፣ ዳኛው «ለማን ልስጠው?» ሲል የሚጠራው ስም ይኖረዋል። ዛሬ ያ ስም የለም፤ ልጁ ወይ ጣቢያ ከትልልቆቹ ጋር ያድራል፣ ወይ ተመክሮ ወደዚያው ፑል ቤት ይለቀቃል።

ለወጣቱ ምንም አልተደረገም አልልም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነበር። ግን እሱ ተደራጅቶ ለሚሠራ፣ 18 ዓመት ለሞላው ነው። እኔ የምላችሁ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ብድር ሳይሆን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው።

ቦታ ስል ግን ቤት ከፍቶ መተው ማለቴ አይደለም። ስዊድን ውስጥ አዋቂ የማይመራቸው፣ ልጆች እንዲሁ የሚሰባሰቡባቸው የወጣት ማዕከላት ተጠንተው፣ እዚያ የሚያዘወትሩት ልጆች ጥፋታቸው በዝቶ ተገኝቷል። አሜሪካም ውስጥ አስቸጋሪ የተባሉ ልጆችን ብቻ ለይተው በቡድን ሲመክሩ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ተማምረው ሲጋራውም ጥፋቱም ብሶባቸዋል። ስለዚህ እባካችሁ «አደገኛ ቦዘኔ» ብላችሁ ስም ዝርዝር አውጥታችሁ፣ እነሱን ብቻ ሰብስባችሁ ሥልጠና አትስጡ። ደረጃ የሚይዘው ተማሪ፣ ሊስትሮው፣ የተፈናቃዩ ልጅና ስልክ የነጠቀው ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ይግቡ።

አይስላንድ የምትባለው አገር ልጆቿ በመጠጥ ሲበላሹባት መጀመሪያ ያደረገችው የልጆቹን ሰዓት መሙላት ነው፤ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ አሠልጣኝ፣ ከወላጅ ጋር ስምምነት። በፈረንጆቹ 1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ ውስጥ 42 ከመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ይሉ ነበር፣ በ2016 ወደ 5 ከመቶ ወርዷል። ሀብታም አገር ናት፣ እውነት ነው፤ አሠልጣኙን ትከፍላለች። እኛ ጋ ግን በነፃ የሚያሠለጥን ወጣት አለ። የጠፋው ቤቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። እነዚህን ልጆች ወሬ አቀባይ አታድርጓቸው። ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ጋር ታየ ብላችሁ በጠየቃችኋቸው ቀን ማኅበሩ ያከትምለታል። ልጆቹ ይሸሻሉ፣ ወላጅም ልጁን አይልክም። የሰልፍ ማድመቂያም አታድርጓቸው። ችግኝ ተከላና የክረምት በጎ ፈቃድ ጥሩ ነው፣ በደስታ ይመጣሉ፤ ነገር ግን ቲሸርት ለብሰው ፎቶ ከተነሱ በኋላ እስከሚቀጥለው ዘመቻ የሚያስታውሳቸው የለም። በዚህ ላይ ጊዜው ከባድ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ታውቃላችሁ፤ አምስት ወጣት አንድ ላይ ከቆመ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ልጅ ለመምከር ብሎ ያመሸ ወጣት ታፍሶ ቢያድር ነገ ማን ይወጣል? የታወቀ ቦታና ሰዓት፣ ማኅተም ያለው መታወቂያ ይሰጣቸው።

ጎንደር ወጣቱን ማመን ምን እንደሚያመጣ በየዓመቱ እያየች ነው። ጥር 10 እና 11 የአርባ አራቱ ታቦት አገር ስንት ሕዝብ ታስተናግዳለች! ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ መንገድ የሚያጸዳው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ታቦቱን የሚያጅበው፣ እንግዳውን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚመራው ማን ነው? የሰፈር ልጅ ነው። ከመሃላቸው ባዘቦት ቀን ሰው የሚሸሻቸው አሉበት። በዚያ ቀን ግን የጠፋ ቦርሳ አንስተው ባለቤቱን ይፈልጋሉ፤ አደራ ተሰጥቷቸዋላ።

ስለ ሴቶቹ ልጆች አጭር ነገር ልበል። ማኅበሮቻችን ወንድ ይበዛባቸዋል፣ ይሄ ጉድለታችን ነው። ከገጠር መጥተው ሰው ቤትና ቡና ቤት የሚሠሩት ማታ መውጣት አይችሉም። ለእነሱ የእሑድ ከሰዓት ቢለይላቸው እትዬዎቹ አብረው ሊቀመጡ ቃል ገብተዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አዳራሽ ፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን «መጀመሪያ ደብዳቤ አምጡ» ተባልን፤ ደብዳቤ ልናጽፍ ሌላው ጋ ስንሄድ «መጀመሪያ የምትሠሩበት ቦታ ይኑራችሁ» አሉን። ይህን ቋጠሮ መፍታት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በየክፍለ ከተማው አንድ የቀበሌ አዳራሽ ምረጡ። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይከፈት፣ ለአንድ ዓመት ይሞከር። ቁልፉን ከማኅበሩ አንድ ሰው፣ ከወላጆች አንድ ሰው ፈርመው ይረከቡ። ጽዳቱም ጥበቃውም የእኛ ነው፣ የተሰበረ መስታወት ካለ እኛ እናስገባለን። ኳስ የሚመታባቸው ሜዳዎችም ለሌላ ነገር ከመታጠራቸው በፊት የሰፈሩ ሰው ይጠየቅ። ለስብሰባ ከጠራችሁን ማኅበራቱን፣ ወላጆችንና ሽማግሌዎችን ይዘን እንመጣለን፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆን ይሻላል፣ ብዙዎቹ ቀን ሥራ ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የማራኪ ነዋሪ፣ ጎንደር