እንስሳት ሕክምና ለመማር ያሰበ ተማሪ በገበያ ቀን ክሊኒክ ይዋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራ ድረስ ያሉት ወራት ለብዙ ተማሪዎች ውጤት ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ የላቸውም። እንስሳት ሕክምና ለመማር ያሰበ ልጅ ግን እነዚህን ወራት ዝም ብሎ ቢያሳልፋቸው ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ከታመመ ከብት ፊት ሲቆም ነው። በአገራችን ወደዚህ ትምህርት የሚያስገባው የፈተና ውጤት፣ የመጀመሪያ ዓመት ነጥብና ምርጫ ነው። «ላም ይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስለማይጠየቅም የሚዘጋጅበት ጥቂት ነው።

አሜሪካ ሆነው ለሚያመለክቱ የወገኖቻችን ልጆች ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አብዛኞቹ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ቪኤምካስ የተባለው የጋራ ማመልከቻ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር የተሠራን ሰዓት ያለ ሐኪም ከእንስሳት ጋር ከዋሉበት ሰዓት ለይቶ ያስመዘግባል። አከፋፈሉ ለእኛም ይጠቅማል። ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ትልቅ ስንቅ ይዟል፤ የሚቀረው ሐኪሙ ምን እንደሚያይና ለምን እንደዚያ እንደሚወስን አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ምርጫው ይጥራ። እንስሳት ሳይንስና እንስሳት ሕክምና አንድ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሁንም አሉ። የመጀመሪያው በመኖ፣ በእርባታና በዝርያ ማሻሻል ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ 6 ዓመት ገደማ የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀደምቱ ሲሆን ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሐረማያም ያስተምራሉ።

ልምድ ለማግኘት ቅርቡ ቦታ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው። ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ፣ ኃላፊውን አነጋግሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለመዋል መጠየቅ ነው። ቀኑም የገበያው ቀን ይሁን፤ ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ ከብቱን እየነዳ የሚመጣው ያን ዕለት ነውና። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከመዋል ይልቅ ለሁለት ወር በየሳምንቱ አንድ ቀን መዋል ይሻላል። ባለፈው ሳምንት መርፌ የተወጋው በሬ ዳነ ወይስ ባሰበት የሚለው የሚታወቀው ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ነው።

ይዞ የሚሄደው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጋውን፣ የሚታጠብ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ቴርሞሜትርና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃል። ቴርሞሜትሩ የኋላ ጫፉ ላይ ክርና መቆንጠጫ ይታሰርለት፤ መቆንጠጫው የጅራት ፀጉር ላይ ካልተያዘ ወይ መሬት ወድቆ ይሰበራል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይገባል።

ትኩሳት መለካት ቀላል ይመስላል፤ ጀማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከሆነ በደንብ ተራግፎ ከ35 ዲግሪ በታች ይውረድ። ጫፉ በቫዝሊን ይለስልስና ወደ ፊንጢጣ ከገባ በኋላ ጋደል ተደርጎ ግድግዳውን እንዲነካ ይደረግ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃም ይቆይ። እበቱ መሐል ከተሰካ የሚያነበው የእበቱን ሙቀት ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በፀሐይ ረጅም መንገድ የተነዳ ከብት ደግሞ ሳይታመምም ከፍ ሊል ይችላል፤ ጥላ ሥር በደንብ ካረፈ በኋላ ይለካ።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። የጤናማ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአህያ ከ36.5 እስከ 37.8። ስለዚህ 38.8 ለላሟ ጤና ሲሆን ለአህያዋ ትኩሳት ነው። የላም የልብ ምት ከመንጋጋዋ ሥር ባለው የደም ሥር ወይም ከጅራቷ ሥር በጣት ይቆጠራል፤ 60 እስከ 80 የተለመደ ነው። ከዚያ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ላይ ጡጫን ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጤነኛ ጨጓራ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ጡጫውን ገፍቶ ይመልሰዋል። ዝም ካለ ላሟ መብላት አቁማለች ማለት ይቻላል። በመስከረምና በጥቅምት ማገጥ የተባለውን የመስክ ተክል በእርጥቡ የበላ ከብት ሲመጣ ያው ጎድጓዳ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆኖ ይገኛል።

ደብተሩ በየገጹ አንድ ታካሚ ይያዝበት። ቀን፣ ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ባለቤቱ በራሱ አንደበት ያለው፣ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጨጓራ እንቅስቃሴ፣ የእበቱ መልክ፣ ሐኪሙ የወሰነውና ኋላ የሆነው። ለምሳሌ፦ «የተዳቀለች ላም፣ 6 ዓመት፣ ከወለደች 2 ቀን፣ መነሳት አቅቷታል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች፣ ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ ሙቀት 37.2። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ሥር ቀስ እያለ ሰጠ፣ ልቧን እያዳመጠ።» ለምን ቀስ እያለ? ካልሲየም ቶሎ ከፈሰሰ ልብ ያቆማል። እንዲህ ያለው «ለምን» በሕዳግ ይጻፍ፤ ያልገባውም ሐኪሙ ፋታ ሲያገኝ ይጠየቅ። ባለቤቱ ያለው ቃል በራሱ አነጋገር ይመዝገብ፤ «ገንዲ ነው» (በደም ተውሳክ የሚመጣው በሽታ)፣ «ጎሮርሳ ይመስለኛል» (በባክቴሪያ የሚመጣው በሽታ) የሚለው ገበሬ ምልክቱን አይቶ ነው።

ሒሳብም ከአሁኑ ይለመድ። መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊግራም የሆነ መድኃኒት 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ሲሰጥ 2500 ሚሊግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ 10 በመቶ ከተጻፈ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው 25 ሚሊሊትር ነው። 10 በመቶን 10 ሚሊግራም ብሎ ያነበበ ሰው 250 ሚሊሊትር ላይ ይደርሳል፤ ይኼ ደግሞ አሥር እጥፍ ነው። ተማሪው ማስላትና ማመሳከር ይችላል፤ መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማዘዝ ግን የእሱ ሥራ አይደለም፣ ቢፈቀድለትም እምቢ ይበል።

በክትባት ዘመቻ ወቅት ግን ብዙ የሚያግዘው አለ። መዝገብ መያዝ፣ የበረዶ ሳጥኑን ጥላ ሥር ማቆየት፣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን መከታተል የእሱ ሊሆን ይችላል። ሕያው ክትባት የሚሰጥበት መርፌ በአልኮል መታሸት የለበትም፤ የቀረው አልኮል ክትባቱን ይገድለዋል። ተፈልቶ የቀዘቀዘ መርፌ ነው የሚያስፈልገው።

ቄራም ከክሊኒክ አያንስም። ክሊኒክ ከውጭ የሚገመተውን ቄራ ውስጡን ያሳያል። የጉበት ትል የያዘው ጉበት ሲቆረጥ የሐሞት ቧንቧዎቹ ደድረው ቢላው ሥር እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻሉ። በጉንጭ ሥጋ፣ በምላስና በልብ ላይ የሚገኘው፣ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ፍሬ የሚመስለው፣ ጥሬ ሥጋ በሚበላው ሰው ሆድ ውስጥ ኮሶ የሚሆነው ነው። በሥጋ መርማሪው አጠገብ ጥቂት ማለዳ የቆመ ልጅ ስለ ጥገኛ ተውሳኮች የሚያጠናውን ፓራሳይቶሎጂ ሲማር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አደጋውን ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ለሃጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ከብት ሲመጣ «አንቆት ይሆናል» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት የተለመደ ስህተት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ቅድመ መከላከያ ክትባቱን ጤና ተቋም ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ቦታ ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የጨነገፈ ጽንስና የእንግዴ ልጅ ያለ ጓንት አይነካም። በድንገት የሞተ፣ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈሰው በድን አይከፈት፤ አባ ሰንጋ ከሆነ ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ዘር ሠርቶ በአፈሩ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ዶሮ እርባታ የገባ ደግሞ ያን ዕለት ሌላ ዶሮ እርባታ አይግባ።

የወረዳ ክሊኒክ ኃላፊዎችን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። በገበያ ቀን አንድ ተማሪ ይቀበሉ። በመጀመሪያው ወር መዝገብ ይያዝላችሁ፣ በሁለተኛው ቴርሞሜትሩን ስጡት፤ የለካውን እናንተ ደግማችሁ ለኩና ልዩነቱን አሳዩት። ሲጨርስ የዋለባቸውን ቀናት ቆጥራችሁ በማኅተም የተረጋገጠ አንድ ገጽ ጻፉለት፤ ዛሬ የሚጠይቀው ባይኖርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ሐኪሞች፣ ከቢሾፍቱ